ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፤ ነሐሴ 24 ቀን የምናስባቸው ሰማዕት

ነሐሴ በቤተ ክርስቲያናችን የዓመት ሥርዓት ውስጥ የተለየ መልክ ያለው ወር ነው። በወሩ መግቢያ ጾመ ፍልሰታ ይጀመራል። በ13ኛው ቀን ጌታችን በታቦር ተራራ ክብሩን የገለጠበት በዓል ይውላል፤ ልጆችም ጅራፍ እያጮኹ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ። በ16ኛው ቀን የእመቤታችን ፍልሰታ ይከበራል። ወሩ ወደ ማለቂያው ሲያዘነብል፣ በ24ኛው ቀን፣ የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕረፍት ይታሰባል። ቪንሴንሳውያን ልዑካን ደግሞ በዚሁ ዕለት አንድ ሌላ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ያስባሉ፤ እርሳቸውም ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ሰማዕት ናቸው።

የእኚህን አባት ታሪክ በሌላ አገር መተረክ ቀላል ነው። በእኛ አገር፣ በተለይም በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ እንዲህ ቀላል አይደለም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲትና በወረታ አልፎ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ የዐፄ ቴዎድሮስን ስም ሳይሰማ አይመለስም። ጋፋት በዚያው ነው፤ የሴባስቶፖል መድፍ የተሠራበት ስፍራ። በአካባቢው የሚያድግ ልጅ ንጉሡን የሚያውቃቸው በጀግንነታቸውና አገርን አንድ ለማድረግ በደከሙት ድካም ነው፤ ይህም እውነት ነው። አባ ገብረ ሚካኤልን ያሰሩና ያስገረፉ ግን እኒሁ ንጉሥ ናቸው። ይህን ያደረጉትም ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ጋር ተስማምተው ነው። እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር የሆነ ሰው በጎረቤቶቹ ፊት፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ቤት ሰዎች መካከል ከፊሎቹ ኦርቶዶክሳውያን በሆኑበት ጉባኤ፣ ይህን ታሪክ እንዴት ይናገር? ብዙዎቻችን መንገዱ ስለ ጠበበን ዝም ብለነዋል። በእኔ አስተያየት ዝምታው ለሰማዕቱም ለጎረቤቶቻችንም አልጠቀመም። የአባ ገብረ ሚካኤል ሕይወት በደንብ ሲነገር ቂምን የሚያቀጣጥል ታሪክ አይደለምና።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ገደማ በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ፣ ዲቦ በሚባል ስፍራ ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ዓይናቸው ታውሮ ነበር። ለእርሻና ለጦር የማይመች ልጅ ወደ ትምህርት መላኩ በዘመኑ የተለመደ ነበረና እርሳቸውም ወደ መርጡለ ማርያም ገዳም ገብተው ዜማውን፣ ቅኔውንና የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ተማሩ፤ በወጣትነታቸውም በዚያው መነኮሱ።

ስለ መርጡለ ማርያም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ይህች ጥንታዊት ደብር በንግሥት እሌኒ ዘመን በግርማ የታነጸች ናት። በ17ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት ባደረጉ ጊዜ ኢየሱሳውያን አባቶች ሕንጻዋን አድሰው ሠርተውታል። ንጉሡ በ1622 እምነታቸውን በአደባባይ አወጁ፤ አዋጁ በሰይፍ ታጅቦ ስለ መጣ ግን ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632ም ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀው የሕዝቡን የቀደመ እምነት መለሱ። ከዚያ በኋላ መከራው ወደ ካቶሊካውያን ዞረ። ስለ ሰማዕቶቻችን ስንናገር ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከዚህ ከሁለተኛው ምዕራፍ ነው፤ የመጀመሪያውን እንዘለዋለን። መዝለል ግን አይገባንም። ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ አንድ የጎጃም መነኩሴ የሮማን ሃይማኖት ሲቀበል ሕዝቡ የደነገጠበት ምክንያት ያለ እርሱ አይገባንምና።

አባ ገብረ ሚካኤል ከመነኮሱ በኋላ አንድ ጥያቄ አላስተኛቸውም። በገዳማቱ የሚያዩት ኑሮ የቀደሙት አባቶች በመጻሕፍት ካስቀመጡት ሥርዓት ጋር አልገጥም አላቸው። የምንኩስናን ምንጭ ለመመርመር ፈቃድ ተቀብለው ከገዳም ወደ ገዳም ተዘዋወሩ፤ መጻሕፍትን አገላበጡ፤ በመጨረሻም ሊቃውንት ወደ ተሰበሰቡባት ወደ ጎንደር ገቡ። በዚያም ተማሩ፤ አስተማሩ፤ ደቀ መዛሙርት አፈሩ።

ጎንደር በዚያ ዘመን የሊቃውንት ከተማ ብቻ አልነበረችም፤ የክርክርም ከተማ ነበረች። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ነገሥታቱ በግቢያቸው ስም ብቻ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሥልጣኑ በደብረ ታቦር በከተሙት በየጁ መሳፍንት እጅ ነው፤ በኋላም በራስ ዓሊ እጅ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም እንደ መንግሥቱ ተከፋፍሎ ነበር። የክርክሩ ጉዳይ ስለ ጌታችን መቀባት፣ ማለትም ክርስቶስ የመባሉ ምሥጢር ነው። ቃል ሥጋን በተዋሐደ ጊዜ የመንፈስ ቅዱስ መቀባት ለሥጋ ምን አደረገለት? ቅባቶች የሚባሉት በመቀባቱ ሥጋ የባሕርይ ልጅ ሆነ አሉ። ጸጋዎች፣ በሌላ ስማቸው ሦስት ልደቶች፣ ከአብ ከተወለደው ልደትና ከድንግል ከተወለደው ልደት ሌላ በመንፈስ ቅዱስ የሆነ ሦስተኛ ልደት አለ አሉ። ተዋሕዶዎች፣ ካሮች የተባሉት፣ ተዋሕዶው ራሱ ሥጋን አክብሮታልና ሌላ አያሻም አሉ።

ይህ ክርክር ለዛሬ አንባቢ ሩቅ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የዓመቱ በዓላት ሁሉ በውስጡ ነበሩ። በልደት በዓል የሚዘመረው፣ በጥምቀት በዮርዳኖስ የሆነው ነገር የሚተረጎመው፣ በደብረ ታቦር በሥጋው ላይ የታየው ብርሃን የማን እንደ ሆነ የሚነገረው ሁሉ በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ይንጠለጠላል። በዓል በመጣ ቁጥር ጠቡ አብሮ ይመጣ ነበር። በአንድ ቅዳሴ የሚቆሙ ካህናት እርስ በርስ ይወጋገዙ ነበር፤ መሳፍንቱም የአንዱን ወገን ሊቃውንት ይዘው የሌላውን ያሳድዱ ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል የቆረጠ መልስ ፍለጋ ዓይናቸውን ወደ ሩቅ ያነሡት በዚህ መካከል ነው። ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ተመኙ።

ምኞታቸው መንገድ ያገኘው ባልታሰበ በኩል ነው። የትግሬና የስሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ አዲስ ጳጳስ ከግብፅ ለማስመጣት መልእክተኞች ሲያዘጋጁ በ1839 ወደ ኢትዮጵያ የገቡትን ጣሊያናዊ ቪንሴንሳዊ ካህን ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስን አብረው እንዲሄዱ ለመኗቸው። እኛ አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው ቅዱስ ማለት ናቸው። እርሳቸውም መልእክተኞቹ ወደ ሮም ቢያልፉ እንዲፈቀድላቸው አስማምተው እሺ አሉ። በ1841 መጀመሪያ ጉዞው ተጀመረ፤ አባ ገብረ ሚካኤልም ከተጓዦቹ አንዱ ሆኑ።

ከዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ የአባ ገብረ ሚካኤል ልብ የተለወጠው በዚህ መንገድ ላይ ነውና። ከመልእክተኞቹ ብዙዎቹ ፈረንጁን አላመኗቸውም፤ አንዳንዶቹም ይሰድቧቸውና ያንጓጥጧቸው ነበር። አቡነ ያዕቆብ ግን ስድቡን እንዳልሰሙ ሆነው አገለገሏቸው፤ የታመመውን አስታመሙ፤ በየደረሱበት ስለ እነርሱ ተከራከሩላቸው። ቀድሞም በዓድዋ ሳሉ ሰውን በክርክር ለመርታት አልቸኮሉም ነበር። ቋንቋውን ተምረው፣ የአገሩን መነኮሳት ልብስ ለብሰው፣ በጾሙ ጾመው፣ ለጥቂት ሰዎች በ1840 ባደረጉት የመጀመሪያ ንግግራቸው ወደ አገሩ የመጡት ስለ ወደዷቸው ብቻ እንደ ሆነ ነግረዋቸዋል። አባ ገብረ ሚካኤል በጎንደር ብዙ ሊቅ አይተዋል፤ ብዙ ክርክርም ሰምተዋል። እውነትን ከትሕትና ጋር በአንድ ሰው ላይ ተባብረው ማየታቸው ግን አዲስ ነገር ሳይሆንባቸው አልቀረም።

በካይሮ ፓትርያርክ ጴጥሮስ 7ኛ እንድርያስ የሚባል ወጣት መነኩሴ ሾሙ፤ ስማቸውም አቡነ ሰላማ ተባለ። በዕድሜ ገና ለጋ ነበሩ፤ በፕሮቴስታንት ልዑካን ትምህርት ቤትም ተምረው ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል ሹመቱን በግልጽ ተቃወሙ። ይህ ቃል በአዲሱ ጳጳስ ልብ ውስጥ እንደ ቀረ በኋላ የሆነው ሁሉ ያሳያል። ከዚያም ከመልእክተኞቹ ከፊሎቹ ወደ ሮም ተሻገሩ፤ በነሐሴ 1841 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ፤ የሐዋርያትንም መቃብር ተሳለሙ። በመመለሻቸው አባ ገብረ ሚካኤል ሲመኟት የኖሩትን ኢየሩሳሌምን አዩ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ወዲያው አልወሰኑም። መረመሩ፤ ጠየቁ፤ ከቀድሞ ወዳጆቻቸው ጋር ተከራከሩ። በ1844፣ በ53 ዓመት ዕድሜያቸው፣ ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድነታቸውን ፈጸሙ። በግዕዝ መጸለያቸውን፣ በአገራቸው ሥርዓት መጾማቸውንና ማመስገናቸውን አልተዉም፤ አቡነ ያዕቆብም የፈለጉት ይህንኑ ነበር። የሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የአገሩን ሥርዓት በላቲን ለመለወጥ በመድከማቸው ሕዝቡን አስቆጥተው ነበር፤ አቡነ ያዕቆብ ያንኑ መንገድ አልደገሙትም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የሥራ ዓመታት ናቸው። በአዲግራት አቅራቢያ በጓላ የካህናት ማሠልጠኛ ተከፍቶ አባ ገብረ ሚካኤል ወጣቶችን አስተማሩ። ከአቡነ ያዕቆብ ጋር በመሆንም የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጁ፤ በግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ላይም ሠሩ። ለመጻሕፍት እጥረት ለሚያማርሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህሮቻችን ይህን አስታውሳለሁ፤ እነዚያ አባቶች መጀመሪያ መጽሐፉን መጻፍ ነበረባቸው። አቡነ ያዕቆብ በ1849 በምጽዋ በአቡነ ማስያስ እጅ በስውር ጵጵስና ተቀበሉ፤ በ1851ም አባ ገብረ ሚካኤልን ቅስና ሾሟቸው። የ60 ዓመት ሽማግሌ፣ ለብዙዎች መምህር የነበሩ ሰው፣ በዚያ ዕድሜያቸው አዲስ ካህን ሆነው በመሠዊያው ፊት ቆሙ።

በዚህ መካከል የአገሩ ነገር ተለወጠ። የቋራው ካሳ ኃይሉ መሳፍንቱን አንድ በአንድ አሸንፈው በ1853 በአይሻል ራስ ዓሊን ድል ነሡ፤ ደብረ ታቦርም ወደ እጃቸው ገባች። ካሳ የፈለጉት አንድ መንግሥት ነው፤ አንድ መንግሥት ደግሞ አንድ ሃይማኖት ይፈልጋል ብለው አመኑ። ንግሥናቸው እንዲጸና የጳጳሱ እጅ ያሻቸው ነበር። አቡነ ሰላማም በበኩላቸው የሮማ ልዑካን እንዲወጡና ከተዋሕዶ በቀር ሌላው ትምህርት እንዲከለከል ይሹ ነበር። ሁለቱ በ1854 ተስማሙ፤ በአምባ ጫራም የተዋሕዶ ሃይማኖት በአዋጅ ጸና። ስለዚህ በትር ያረፈው በካቶሊካውያን ላይ ብቻ አልነበረም፤ የጸጋ ሊቃውንትም የመከራው ተካፋዮች ሆነዋል። ይህን ለጉባኤ ስንናገር መርሳት የለብንም።

በዚያው ዓመት ክረምት አቡነ ያዕቆብ፣ አባ ገብረ ሚካኤልና ጓደኞቻቸው በጎንደር ተያዙ። አቡነ ያዕቆብ ከእስር በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። የአገሩ ልጆች ግን በእስር ቤት ቀሩ፤ እግራቸውም በግንድ ተጠረቀ። የተጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ የጳጳሱን ሃይማኖት ተቀብለው እንዲወጡ። አባ ገብረ ሚካኤል በክርስቶስ ፍጹም አምላክነትና ፍጹም ሰውነት አለ የሚለውን እምነታቸውን ደጋግመው ከመመስከር በቀር የመለሱት አልነበረም። አብረዋቸው ከታሰሩት አንዱ የዓድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት የእነዚያን ዘመናት ነገር በኋላ ጽፈው አቆይተውልናል።

ካሳ በየካቲት 1855 በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። አሁን ጉዳዩ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት የሚታይ ሆነ። ሽማግሌው ቀርበው እንደ ቀድሞው መሰከሩ፤ በቀጭኔ ጭራ ተገረፉ። ደኅናው ዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ ፊታቸውን እንዲመቱ ታዞ እንደ ነበርና ከዚያ ሁሉ ግርፋት በኋላ ግን ዓይናቸው እንዳልጠፋ በገድላቸው ይተረካል። በኋላም ሞት ተፈረደባቸው፤ በሰፈሩ የነበረው የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ከሌሎች ጋር ስለ ማለደላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

ንጉሡ በዚያ ዓመት ወደ ወሎና ወደ ሸዋ ዘመቱ። እስረኛው ሽማግሌም በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ከሠራዊቱ ጋር ተጎተቱ። የ64 ዓመት ሰው፣ አንድ ዓይና፣ በክረምት ጭቃ፣ ከፈረሰኛና ከጓዝ ጋር በእግር! በሠራዊቱ ውስጥ የኮሌራ በሽታ ገባ። በዚህ ላይ ገድላቸው የሚለው ነገር ከግርፋቱ ይልቅ ልቤን ይነካዋል። አባ ገብረ ሚካኤል የምትሰጣቸውን ጥቂት ምግብ ለሌሎች ይሰጡ ነበር፤ ጠባቂዎቻቸውም እያደር አከበሯቸው፤ ወደዷቸውም። ጠባቂው የሚጠብቀውን እስረኛ የወደደው በሃይማኖት ክርክር ተረትቶ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። በካይሮ መንገድ ከአቡነ ያዕቆብ የተቀበሉትን እርሳቸውም በወሎ መንገድ ለሌላው አስተላለፉ።

በ1855 ክረምት በዚያው ጉዞ ላይ ሳሉ ደከሙ፤ በመንገድ ዳር ዐረፉ። ወታደሮቹ ሰንሰለቱን ከእግራቸው ፈትተው በክብር ቀበሯቸው። በቪንሴንሳውያን ማኅበር ለመግባት ተቀብለዋቸው የነበረ ቢሆንም መሐላቸውን ሳይፈጽሙ ስለ ሞቱ ማኅበሩ ደማቸውን እንደ መሐላ ቆጥሮ ከልጆቹ አንዱ ያደርጋቸዋል።

የቀሩትም ሰዎች ፍጻሜ መታወቅ አለበት። አቡነ ያዕቆብ ከስደት ወደ ስደት ሲንከራተቱ በሐምሌ 1860 በቆላው መንገድ ላይ፣ እንደ ደቀ መዝሙራቸው ከቤት ውጭ፣ ዐረፉ፤ መቃብራቸው በኤርትራ በሄቦ ነው። አቡነ ሰላማ ካነገሧቸው ንጉሥ ጋር ተጣልተው በመቅደላ ታሰሩ፤ በ1867 በዚያው በእስር ሞቱ። ዐፄ ቴዎድሮስም በሚያዝያ 1868 በመቅደላ ነፍሳቸውን አጠፉ። ይህን የምጽፈው እግዚአብሔር ተበቀለላቸው ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ስብከት ሰምቼ አዝኛለሁ። ሦስቱም በአንድ ዘመን መከራ ውስጥ ያለፉ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ስለ ሦስቱም ነፍስ መጸለይ ይገባናል።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1926 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፁዕ ተባሉ። አቡነ ያዕቆብ በ1939 ብፅዕና፣ በ1975 ደግሞ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ቅድስና ታወጀላቸው። ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በግንቦት 1973፣ እኒሁ ጳውሎስ 6ኛ ከግብፁ ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ ጋር በሮም ተገናኝተው አንድ የጋራ መግለጫ ፈርመው ነበር። ጌታችን በመለኮቱ ፍጹም አምላክ፣ በትስብእቱ ፍጹም ሰው እንደ ሆነ፣ መለኮቱና ትስብእቱም ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለያየት አንድ እንደ ሆኑ ሁለቱም ወገኖች በጋራ መሰከሩ። አቡነ ሰላማን የሾመው መንበር ወራሽና የአባ ገብረ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን እረኛ በአንድ ወረቀት ላይ ፊርማቸውን አኖሩ ማለት ነው፤ ሽማግሌው በጎንደር በግንድ ተጠርቀው በተጠየቁበት በዚያው ጥያቄ ላይ። በ1993 ደግሞ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ወደ ሮም ሄደው ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ጋር ተገናኙ። ሰማዕቱ የተወለዱበትንና ያስተማሩበትን ምድር የሚያቅፈው የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከትም በ2015 ተቋቋመ።

እንግዲህ በነሐሴ 24 ቀን ጎረቤቶቻችን ለተክለ ሃይማኖት ሲወጡ እኛም አብረን እናከብራለን፤ ጻድቁ የሁላችንም ናቸውና። በዚያው ዕለት ለልጆቻችሁ ስለ አባ ገብረ ሚካኤል ስትነግሩ ከግርፋቱ አትጀምሩ። ከፈለጓት እውነት፣ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ከተጓዙት መንገድና ለጠባቂዎቻቸው ካካፈሏት እንጀራ ጀምሩ። የንጉሡንም ስም በክብር ጥሩ። በደብረ ታቦር በዓል ያቀጣጠላችሁት ችቦ ገና ከልጆቹ ልብ አልጠፋምና በተራራው ላይ ሦስቱ ሐዋርያት ምን እንዳዩ ጠይቋቸው፤ አምላክን ነው ወይስ ሰውን? ልጆቹ የሚመልሱትን ሰምታችሁ ወደ ሽማግሌው ታሪክ ግቡ።